አዲሱ ፕሪንተር፦ በአሮጌው አድራሻ ወይስ ከባዶ?

የቤት ቢሮ ፕሪንተር ሲቀየር ሁለት መንገድ አለ። የአሮጌውን አይፒ አድራሻ (ፕሪንተሩ በኔትወርኩ ላይ የሚገኝበትን ቁጥር) ለአዲሱ ማውረስ፣ ወይም አሮጌውን ከየኮምፒውተሩ አጥፍቶ አዲሱን ከባዶ መጫን።

ወጪ፦ ሁለቱም ነጻ ናቸው።

ልፋት፦ አድራሻ ማውረስ በአብዛኛው የራውተር ሥራ ነው። ራውተሩ አይፒ አድራሻ የሚይዘው በማክ አድራሻ፣ ማለትም በመሣሪያው የራሱ መለያ ቁጥር፣ ስለሆነ የአዲሱን ፕሪንተር ማክ አድራሻ ማስገባት ግድ ይላል። ከባዶ መጫን በየኮምፒውተሩ መዞር ይጠይቃል።

ስጋት፦ እዚህ ላይ ልብ በሉ። አድራሻው ቢወረስም ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ድራይቨር (ኮምፒውተሩን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) የአሮጌው ነው። ድራይቨሩ ፖስትስክሪፕት በሚባለው የኅትመት ቋንቋ እየላከ አዲሱ ፕሪንተር ፒሲኤል የሚባለውን ሌላ ቋንቋ ብቻ የሚያውቅ ከሆነ፣ ትርጉም የሌለው ፊደል የሞላበት ወረቀት ይዥጎደጎዳል። በሁለት ፊት የማተም ምርጫም ሊጠፋ ይችላል። ከባዶ ሲጫን ይህ ጣጣ የለም። የአሮጌው ስም ካልተሰረዘ ግን ሰው በልማድ እሱኑ ይመርጥና ሥራው ወረፋ ላይ ይቀራል።

አዲሱ ያው ሞዴል ከሆነና ኮምፒውተሮቹ ብዙ ከሆኑ ማውረሱ ያዋጣል። ብራንዱ ከተለየ ከባዶ መጫኑን እመርጣለሁ። ያኔም ቢሆን ራውተሩ ላይ ቋሚ አድራሻ ያዙለት፤ አለበለዚያ አድራሻው ሲቀየር ኮምፒውተሩ ፕሪንተሩን ሊያጣው ይችላል።