ሚረርለስ ካሜራ ከ8 ወር አገልግሎት በኋላ፦ ሮሊንግ ሸተሩ የት ያስቸግራል?

ይህ ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ በቀለምም በፎከስም አያሳፍርም። ሊገዛው ላሰበ ሰው ቀድሞ መነገር ያለበት ግን የሴንሰሩ (ብርሃን ተቀብሎ ምስል የሚሠራው ቺፕ) የንባብ ፍጥነት ነው፤ በካርቶኑ ላይ አልተጻፈም።

ሴንሰሩ ምስሉን የሚያነበው ባንድ ጊዜ ሳይሆን ረድፍ በረድፍ ነው፤ ሮሊንግ ሸተር የሚባለው ይህ ነው። የመጨረሻው ረድፍ ተራው እስኪደርስ የሚንቀሳቀሰው ነገር ቦታውን ለቋል፤ ስለዚህ ቀጥ ያለ ምሰሶ ይንጋደዳል፣ የሚሽከረከር ክንፍ እንደ ማጭድ ይቆለመማል።

ንባቡ የሚፈጀውን ጊዜ መለካት ቀላል ነው። በ50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ የሚሠራና የሚርገበገብ ኤልኢዲ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይፈዛል። አምፖሉ ያበራውን ነጭ ግድግዳ በኤሌክትሮኒክ ሸተር (መጋረጃ ሳይንቀሳቀስ ሴንሰሩ ብቻውን በሚያነሳበት)፣ በ1/2000 ሰከንድ አንሱና ጥቁሮቹን መስመሮች ቁጠሩ፤ ከአንዱ እስከ ቀጣዩ 10 ሚሊ ሰከንድ ነው። እዚህ ካሜራ ላይ 6 ያህል ይወጣሉ፤ 60 ሚሊ ሰከንድ ገደማ መሆኑ ነው። በ4ኬ ቪዲዮ ወደ 25፣ ሴንሰሩ በ1.5 ሲቆረጥ (መሃሉ ብቻ ሲነበብ) ደግሞ ወደ 17 ይወርዳል።

60 ሚሊ ሰከንድ ኢምንት ይመስላል። ካሜራው ሲዞር አንድ ምሰሶ 6000 ፒክስል ስፋት ያለውን ፍሬም በ1 ሰከንድ ካቋረጠ ግን የምሰሶው ጫፍና እግር በ360 ፒክስል ይለያያሉ። ያ በማንም ዓይን ይታያል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ሸተሩን ወደ 1/4000 ማፍጠን ብዥታን እንጂ መንጋደድን አያጠፋም። የእያንዳንዱ ረድፍ የብርሃን ጊዜ ያጥራል፤ ረድፎቹ ተራ የሚጠብቁበት ጊዜ ግን ያው ነው። መፍትሔው ሜካኒካል ሸተር ነው፤ መጋረጃው ሴንሰሩን በ4 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ያቋርጠዋል። ድምፅ አልባውን ኤሌክትሮኒክ ሸተር ለማይንቀሳቀስ ነገር ብቻ ተዉት። በኤልኢዲ ብርሃን ስር የግድ ከሆነባችሁ ጥቁሮቹ መስመሮች እንዳይታዩ 1/50 ወይም 1/100 ላይ አድርጉት፤ ኤሌክትሪኩ 60 ኸርዝ ከሆነ 1/60 ወይም 1/120።

ካሜራውን አቁማችሁ በቁመት ስታነሱ ረድፎቹም አብረው ይቆማሉ፤ ያኔ ወደ ጎን የሚሄድ ነገር በመንጋደድ ፈንታ እንደ አቅጣጫው ይለጠጣል ወይም ይጨመቃል።

በጣም የሚያበሳጨው ተሽከርካሪ ላይ ታስሮ የተቀረጸ ቪዲዮ ነው። የሞተሩ ንዝረት እያንዳንዱን ረድፍ ለየብቻ ስለሚያናውጠው ምስሉ እንደ ጄሊ ይርገፈገፋል፤ የኤዲቲንግ ሶፍትዌር የዝግታ ዙረትን ያቃናል እንጂ ይህን አያድነውም። ከማሰሪያው ስር ለስላሳ ጎማ ማስገባትና በ1.5 ቁርጡ መቅረጽ ብዙ ያስታግሳል።