የግንበኝነት ማሰልጠኛ ስትመርጡ ግቢውን እዩ

ጥሩ ማሰልጠኛ ከቢሮው ይልቅ በተግባር መስሪያ ቦታው ይታወቃል። ለየሰልጣኙ ቱንቢ፣ ውሃ ልክና ሲባጎ መኖሩን እዩ። አንዳንድ ማሰልጠኛዎች ብሎኬቱን አፍርሰው መልሰው ለመጠቀም በሲሚንቶ ፋንታ በጭቃ ወይም በኖራ ያስገነባሉ። ለጀማሪ ደህና ነው፤ እስከ መጨረሻው እንዲህ ከቀጠለ ግን ሰልጣኙ ይጎዳል። 1 ለ 4 (አንድ እጅ ሲሚንቶ ለአራት እጅ አሸዋ) የተቦካ ሲሚንቶ መጠጠር ሲጀምር ውሃ ጨምሮ ማላላት ጥንካሬውን ይገድለዋል፤ ይህን እጅ የሚለምደው በሲሚንቶ ሲሰራ ብቻ ነው።

ሰልጣኞች የሰሩት ግድግዳ ጋ ጠጋ ብላችሁ በብሎኬቶቹ መካከል ያለውን የመጋጠሚያ ውፍረት ለኩ፤ ከ1 እስከ 1.5 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የቁም መጋጠሚያዎቹ ከታች እስከ ላይ በአንድ መስመር ከወጡ ግድግዳው የሚሰነጠቀው እዚያው ላይ ነው። ይህን አይቶ የማያስፈርስ አሰልጣኝ ካለ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ማሰልጠኛው የድንጋይ ግንብ የማያስተምር ከሆነም መሰረት ስራ ላይ ትቸገራላችሁ። ሰልጣኞቹን ለብቃት ምዘና (ለሙያ ብቃት ፈተና) ማቅረቡንም ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።