ከባሕር ዳር አዲስ አበባ፦ አውሮፕላን፣ አውቶቡስ ወይስ ዶልፊን ሚኒባስ?

ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ አምስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። አምስቱንም በአውሮፕላን። ዓመቱ ሲያልቅ ጉዞዎቹን አንድ በአንድ አስታወስኳቸው። አንዱ ለቅሶ ነበር። አንዱ የልጄ ምርቃት ነው፣ ቀኑ ከሁለት ወር በፊት የታወቀ። የቀሩት ሦስቱ ማኅተምና ፊርማ ፍለጋ ናቸው። መብረር የነበረብኝ ለለቅሶው ብቻ ነው። ከዘንድሮ ጀምሮ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ላልበር ወስኛለሁ። እንደኔ ባሕር ዳር ተቀምጦ ሸገር ለሚመላለስ ሰው አማራጮቹን ጎን ለጎን ላስቀምጥ።

ከሁሉ በፊት ግን መንገዱ ሰላም ካልሆነ ማወዳደሩም ቀረ። ባለፉት ዓመታት የጎጃም መንገድ የተዘጋባቸውን ቀናት አይተናል። ሰው ታግቶ ቤተሰብ ሲጨነቅም አይተናል። ስለዚህ በዚያው ሳምንት በመንገዱ የመጣ ሰው ጠይቁ። የምታውቁት ሹፌር ካለ ደውሉለት። መልሱ ካላስተማመናችሁ ብረሩ፣ ወይም ቀኑን አሳልፉት። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ መንገዱ ክፍት ለሆነበት ቀን ነው።

ሰዓቱን ከቤት እስከ ቤት ቁጠሩት

«አውሮፕላን አንድ ሰዓት፣ አውቶቡስ አሥር ሰዓት» ይባላል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። አንድ ቀን ግን ከቤቴ በር እስከ እህቴ በር ሰዓት ያዝኩ። ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ለመድረስ ሃያ ደቂቃ። ፍተሻውና ጥበቃው ሁለት ሰዓት። በረራው አንድ ሰዓት። ቦሌ ሻንጣ መጠበቅ፣ ከዚያ እስከ አየር ጤና ያለው የመኪና መጨናነቅ ሌላ ሰዓት ተኩል። ተደምሮ አምስት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረው። ክረምት ላይ ጉም ሲጥል ደግሞ መዘግየቱ አለ።

አውቶቡሱ ሌሊት 11 ሰዓት ይነሳል፣ በደብረ ማርቆስ በኩል 565 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ከቀኑ 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ ይገባል። ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ያህል ነው። ስድስት ሰዓት ትንሽ አይደለም። ግን ዘጠኝ ሰዓት ነው ብሎ ከማሰብ ይለያል።

ለቅሶ ላይ ይህ ስሌት አይሠራም። ቀብር በማግስቱ፣ አንዳንዴም በዚያው ቀን ነው። ሌሊት በአውቶቡስ የተነሳ ሰው ቀብሩ አልቆ ድንኳን ውስጥ ነው የሚደርሰው። የእኔን አንድ በረራ ለዚህ ነው ያስቀመጥኩት። ለሐኪም ቀጠሮ የሚሄድ በሽተኛ፣ ነፍሰ ጡር፣ ስኳር ያለበት ሽማግሌም ይብረር። እናቴን በአውቶቡስ ውሰጃት ብትሉኝ እሺ አልልም።

የአባይ በረሃ

ከደጀን በኋላ ያለውን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ የማያውቅ ሰው አውቶቡስ አይመርጥም፣ የሚያውቀውም አንዳንዴ ይፈራዋል። ስለዚህ እንዳለ ልንገራችሁ። ደጀን ላይ ጋቢ ለብሳችሁ ነው ያላችሁት። መኪናው በከባድ ማርሽ ቁልቁል ሲጀምር ጆሮ ይደፈናል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጋቢው ይወልቃል፣ ቀጥሎ ሹራቡ። ፍሬን ሲሞቅ ሽታው በመስኮት ይገባል። ልጆች ያስመልሳሉ፣ ረዳቱ ፌስታል ያድላል። በበረሃው ወለል፣ በጃፓን እርዳታ በተሠራው 303 ሜትር የሕዳሴ ድልድይ ላይ መኪናው ቀስ ብሎ ያልፋል። ያኔ ሁሉም ሰው ወደ ታች ያያል፣ የተኛውም ይነቃል። ከእኛ ሐይቅ የወጣው ውኃ ነው፣ እዚያ ግን ቡናማ ሆኖ በገደል መሃል ይሄዳል። ከዚያ ሽቅቡ ወደ ጎሃ ጽዮን።

የሚያስመልሳችሁ ከሆነ ደብረ ማርቆስ ላይ ሽሮ ጠግባችሁ አትውጡ። ሎሚ ያዙ፣ ከፊት ተቀመጡ። እኔ ከአራተኛው ወንበር ወደ ኋላ አልቆርጥም።

ጭሱ

ጉዳዩን ያስጀመረኝ ይህ ነው። በዚህ መስመር የሚበርረው ባለ ሁለት ፕሮፔለር ዳሽ 8 በሰዓት 1 ቶን ገደማ ነዳጅ ያቃጥላል። ከአንድ ኪሎ የአውሮፕላን ነዳጅ ከ3 ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ለ70 ያህል መንገደኛ ስናካፍለው አንድ ሰው አንድ ጊዜ ሲሄድ 45 ኪሎ ገደማ ይደርሰዋል። አጭር በረራ ላይ ከነዳጁ ትልቅ ድርሻ የሚያልቀው ለመነሳትና ከፍታ ለመያዝ ነው።

አውቶቡሱ ለዚያው ጉዞ 200 ሊትር ናፍጣ ቢጠጣ፣ ሊትሩ 2.7 ኪሎ ያህል ስለሚያወጣ፣ ለ45 ሰው ሲካፈል 12 ኪሎ ነው። የአውሮፕላኑ ሲሶ እንኳ አይሆንም። ስሌቱ የእኔ ነው፣ ባዶ ወንበር ሲበዛ ሁለቱም ይከፋሉ።

አሁን ይህን አስቡት። አንድ ኢትዮጵያዊ በአማካይ በዓመት ከነዳጅ የሚያወጣው 0.2 ቶን እንኳ አይሞላም። ደርሶ መልስ የአንድ ቀን በረራ የዚያን ግማሽ ያህል ነው። ማኅተም ለማስመታት ብዬ የአንድ ገበሬ ጎረቤቴን ግማሽ ዓመት አቃጥዬ ተመለስኩ ማለት ነው። ዝናቡ ሲዛባ ግን ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ነው። ይህ ከተገለጠልኝ ወዲህ ትኬት ስቆርጥ እጄ ይከብደኛል።

ዋጋና ዕቃ

ዋጋ ስለሚለዋወጥ ቁጥር አልጽፍም። በቆረጣችሁበት ቀን አወዳድሩ፣ የቦሌን ታክሲም ጨምሩበት። ዕቃ ላይ ግን አውቶቡስ ወደር የለውም። ሃምሳ ኪሎ የአዴት ጤፍ ለእህቴ ይዤ የምሄደው በእሱ ነው።

ዶልፊን

የሌሊቱ ዶልፊን ፈጣን ነው፣ ከቤት ደጃፍ ይወስዳል። አትሳፈሩበት። አሥራ አምስት ሰው አጭቆ፣ እንቅልፍ ያጣ ሹፌር በጨለማ የአባይን ጠመዝማዛ ሲወርድ አንድ ጊዜ አይቻለሁ፣ ፊት ወንበር ላይ ነበርኩ። ሹፌሩ ዓይኑ ሲከደን በክርኔ ነክቼ ነው የቀሰቀስኩት። ነዳጅ ለመቆጠብ ሕይወት አይሰጥም። ከዶልፊንና ከአውሮፕላን ምረጪ ብትሉኝ እበርራለሁ።

ባቡርስ?

ባሕር ዳር ባቡር የለም። የአዲስ አበባ–ጅቡቲው መስመር በ2009 ዓ.ም የተመረቀ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው፣ ግን ወደ ምሥራቅ ነው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ወልዲያ የተጀመረው መስመር ቢያልቅ እንኳ ከወልዲያ እኛ ጋ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተራራማ መንገድ ይቀራል። የሚያንገበግበኝ፣ ከጣና ውኃ 460 ሜጋዋት የሚያመነጨው በለስ አጠገባችን ሆኖ ሐዲዱ እኛን አለማየቱ ነው። አንድ ቀን ይመጣ ይሆናል። የዘንድሮ ዕቅዳችሁን ግን በእሱ ላይ አትሥሩ።

ጎንደር ለመሄድ መብረርን ፈጽሞ እርሱት። 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በወረታና በአዲስ ዘመን ሦስት ሰዓት። አውሮፕላኑም የሚያርፈው አዘዞ ነው፣ ከዚያ ከተማ ለመግባት መኪና መያዝ አይቀርም።

አውቶቡስ ከመረጣችሁ ትኬቱን ከሁለትና ሦስት ቀን በፊት ቁረጡ፣ ለበዓል ሰሞን ደግሞ ከሳምንት በፊት። ወንበሩ ቁጥር ያለው፣ ቀበቶ ያለው፣ በቀን የሚሄድ ይሁን። ጉዳያችሁንም አጠራቅሙ። እኔ አሁን ሦስት ፊርማ፣ አንድ የዓይን ምርመራና የእህቴን ጤፍ ለግንቦት ይዣለሁ። አራት ቀን እቆያለሁ። ትኬቱ በእጄ ነው፣ ሦስተኛው ወንበር፣ መስኮት ዳር።