የሂጊንስ ጀልባ ወይስ አምትራክ?

በ2ኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ማሪን (ከባሕር ወደ የብስ የሚያጠቁ) ወታደሮች ከመርከብ ወደ ጠረፍ የሚወጡት በዋናነት በእነዚህ ሁለቱ ነበር፦ የሂጊንስ ጀልባ ወታደር ጠረፍ ላይ የሚያወርድ ጀልባ ነው፤ አምትራክ ደግሞ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ፣ የብስ ላይ እንደ ታንክ በሰንሰለት የሚሄድ ተሽከርካሪ ነው። ለወታደሩ የትኛው ይሻል ነበር?

አሳፋፈር
ጀልባ፦ በመርከቡ ጎን በተዘረጋ የገመድ መረብ ይወረዳል። ብዙ የቀድሞ ወታደሮች ከሥልጠናው አጥብቀው የሚያስታውሱት ይህን ነው። የሚያዘው ቁልቁል የወረደው ገመድ ነው፤ አግድሙን የያዘ ሰው ጣቱን ከበላዩ የሚወርደው ጓዱ ይረግጠዋል። ከታች ማዕበሉ ጀልባውን ያነሳዋል፣ ይጥለዋል። ሙሉ ትጥቅ የተሸከመ ሰው እግሩን ከሳተ የሚወድቀው በመርከቡና በጀልባው መካከል ነው። በልምምድ ብቻ እንኳ ሕይወት የጠፋበት ሥራ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።
አምትራክ፦ ብዙ ጊዜ ወታደሩን እንደያዘ ከትልቅ መርከብ ሆድ ወደ ውሃው ይገባል። የሞተሩ ጭስና ጩኸት ግን ከባድ ነው።

ፍጥነት
ጀልባ፦ ፈጣን ነው፤ እስከ 36 ሰው ይይዛል።
አምትራክ፦ ውሃ ላይ ዝግ ይላል፤ የሚይዘውም ያንሳል።

አደጋ
እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1943 ታራዋ በተባለችው የፓስፊክ ደሴት ላይ ውሃው ጎድሎ ጀልባዎቹ ደሴቲቱን ከከበበው ኮራል (ከውሃ ሥር ያለ ድንጋያማ አጥር) ማለፍ አቃታቸው። ወታደሮቹ በተኩስ ሥር በመቶዎች የሚቆጠሩ ሜትሮችን በእግራቸው ውሃውን አቋረጡ። አምትራክ በሰንሰለቱ ኮራሉን ተሻገረ፤ ግን ቁጥሩ አልበቃም፣ ብዙዎቹም ተመቱ።

ለየትኛው የትኛው?
በፈረንሳይ እንዳለው ኖርማንዲ ላለ ኮራል የሌለበት አሸዋማ ጠረፍ፣ ብዙ ሰው ቶሎ ማድረስ ሲያስፈልግ፦ ጀልባ።
ኮራል ለከበባቸው የፓስፊክ ደሴቶች፦ ያለጥርጥር አምትራክ።