ዩናይትድ24ን ከደብረ ብርሃን ሆኜ ሳየው

የደብረ ብርሃን ብርድ አላስወጣ ሲለኝ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ የዩክሬኑን ዩናይትድ24 የተባለ የመዋጮ ድረ ገጽ ስነካካ አመሸሁ። ዘለንስኪ የከፈቱት እ.ኤ.አ. ግንቦት 2022 ነው። የትም ያለ ሰው ለመከላከያ፣ ለሕክምና ወይም ለመልሶ ግንባታ መርጦ ይከፍላል። እኛ ለሕዳሴ ግድብ ቦንድ ስለገዛን መዋጮ ብርቅ አይሆንብንም፤ ግን ጦርነትን እንደ ሸቀጥ መርጦ በካርድ መደገፍ፣ እሱ ትንሽ ይከብዳል። የባሰውን ልንገራችሁ፦ በዚያው ዓመት ፕሪቱላ ፋውንዴሽን የተባለ ሌላ የዩክሬን በጎ አድራጎት ድርጅት ለድሮን ያሰባሰበው የሕዝብ ገንዘብ፣ አምራቹ ድሮኖቹን በነጻ ልስጥ ሲል፣ ምድርን ከሰማይ ለሚያነሳው የአይስአይ ኩባንያ ሳተላይት አገልግሎት ዋለ። ስለላ እኮ የመንግሥት ጓዳ ሥራ ነበር! ወደ ዩናይትድ24 ልመለስና፣ ገጹ ፈጣን ነው፣ ወጪውንም በሪፖርት ያሳያል፤ አማርኛ ግን የለውም። እናቴ ስልኬን አጮልቃ አይታ፣ «አንተ፣ ይሄ ደግሞ የማን እድር ነው?» አለችኝ።