የደረቀ ሚልዎርም ሪቪው፦ ከመግዛታችሁ በፊት ትሉ ምን በልቶ እንዳደገ ጠይቁ

ሆላንድ ያላችሁ ሰዎች ስለዚህ ሚልዎርም ስለሚሉት የሚበላ ትል ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ ይኸው። የአውሮፓ ህብረት የደረቀውን በ2021 ለሰው ምግብነት ፈቅዶታል፣ ስለዚህ ህጋዊ ነው ወይ የሚለውን እንለፈው። የገዛሁት ሁለት ዓይነት ነው፣ አንዱን ከሱፐርማርኬት አንዱን ደግሞ ሳምንታዊ ገበያ ላይ ከሚሸጥ ትንሽ አርቢ። የሱፐርማርኬቱ ጨው በዝቶበታል እንጂ ይበላል፣ እኔን ያናደደኝ ፓኬቱ ላይ ፕሮቲን ፕሮቲን እያለ በትልቁ ጽፎ ትሉ ምን እየበላ እንዳደገ ግን አንድም ቃል የለውም፣ ዋናው እኮ እሱ ነው!

ፕሮቲኑማ ከደረቅ ክብደቱ ግማሽ ገደማ ነው፣ መኖው ቢቀያየርም ያን ያህል አይለዋወጥም። እንደ መኖው የሚሆነው ስቡ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰጣቸው ፉርሽካ ነው፣ ለውሃ ደግሞ ካሮት ይጣልላቸዋል፣ በዚህ ብቻ ያደገ ትል ስቡ ውስጥ ኦሜጋ 6 የሚባለው የስብ ዓይነት ይበዛል ኦሜጋ 3 የሚባለው ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የገበያው ሰውዬ ፉርሽካው ላይ ተልባ ይቀላቅላል፣ አዎ የኛው ተልባ፣ ተልባ የበላ ትል ደግሞ ኦሜጋ 3 በደንብ እንደሚጨምር በጥናት የታየ ነው (የዓሣው ዓይነት ሳይሆን የተልባው ዓይነት ማለቴ ነው)። አንዱን ሳጥን ከፍቶ አሳየኝ፣ ካሮቷን ብድግ ሲያደርጋት ከስሯ ተጨናንቀው ይርመሰመሳሉ፣ ፉርሽካው መሃል የተፈጨው ተልባ ቡኒ ቡኒ ሆኖ ይታያል።

ለካልሲየም ብላችሁ ግን አትግዙ። አጥንት የለውም፣ ካልሲየም ያለው መኖ ቢሰጡትም አብዛኛው አንጀቱ ውስጥ ነው የሚቀረው፣ ለሰው የሚሸጠው ደግሞ ከመገደሉ በፊት አንጀቱ ባዶ እንዲሆን ቢያንስ 24 ሰዓት መኖ ይከለከላል፣ ስለዚህ እናንተ ጋ አይደርስም።

ጣዕሙ ወደ ለውዝ ይሄዳል፣ እኔ ከገብስ ቆሎ ጋር ቀላቅዬ ነው የምበላው በጣም ይስማማል። ዋጋው ውድ ነው። የተልባው ስብ አየር ሲያገኘው ቶሎ ስለሚበላሽ ትንሽ ትንሽ ግዙ፣ ከከፈታችሁት በኋላ በደንብ ገጥማችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። ሽሪምፕ ወይም የቤት አቧራ አለርጂ ያለባችሁ ጭራሽ አትንኩት።

ለገበያው ከ5 4፣ ለሱፐርማርኬቱ ከ5 2 ሰጥቻለሁ፣ መኖውን ፓኬቱ ላይ ከጻፉ ግን ተመልሼ ነጥቡን አስተካክላለሁ።