ሪፖርት ፖርታል፦ የወደቁ ቴስቶችን መለየት ምን ያህል ያቀልላል?

ሌሊቱን ሲሠራ ያደረ አውቶሜትድ ቴስት (ሶፍትዌርን በራሱ የሚፈትሽ ፕሮግራም) ጠዋት ላይ በቀይ ተሞልቶ ሲገኝ፣ የባለሙያውን ግማሽ ቀን የሚበላው እያንዳንዱ ቴስት ለምን እንደ ወደቀ መለየቱ ነው። ጉድለቱ ከሶፍትዌሩ ይሁን፣ ከቴስቱ ከራሱ ኮድ ወይስ ከሰርቨሩ መንቀራፈፍ፣ ሎጉን፣ ማለትም ቴስቱ ሲሠራ የተመዘገበውን ዝርዝር፣ ከፍተው ሳያነቡ አይታወቅም። ጉግል በ2016 ይፋ እንዳደረገው፣ ከቴስቶቹ 16 በመቶ ያህሉ ኮዱ ሳይለወጥ አንዴ የሚያልፉ፣ አንዴ የሚወድቁ ነበሩ።

ቡድናችን ይህን ሸክም ለማቅለል ከአንድ ዓመት በላይ የተጠቀመበት ሪፖርት ፖርታል የቴስት ውጤቶችን ሰብስቦ የሚተነትን፣ ኢፓም የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ የሠራው መሣሪያ ነው፤ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሲሆን ፕሮግራሞችን ከነሚያስፈልጋቸው ሁሉ አሽጎ በሚያስኬደው በዶከር አማካይነት በራስ ሰርቨር ላይ ይጫናል። ለዋናው ሶፍትዌር በዶላር የሚከፈል ወርሃዊ ክፍያ አለመኖሩ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም፤ የደንበኛ ስልክ ቁጥር ሳይቀር የሚገኝበት ሎግ ከቢሯችን አለመውጣቱ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ቴስት ለመጻፍና ለማስኬድ ከሚያገለግሉት ከጄዩኒት፣ ከፓይቴስት እና ከፕሌይራይት ጋር ይገናኛል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባለሙያው የወደቀውን ቴስት የምርት ባግ (የሶፍትዌሩ ጉድለት)፣ የአውቶሜሽን ባግ (የቴስቱ ኮድ ጉድለት) ወይም የሲስተም ችግር (እንደ ሰርቨር መንቀራፈፍ ያለ) ብሎ ይመድባል፤ ገና ያልታየው ሁሉ “ይመርመር” በሚለው ሥር ይቆያል። መሣሪያው ይህን የሰው ውሳኔ ከስህተት መልእክቱ ጋር አያይዞ ይይዝና፣ በሌላ ቀን ተመሳሳይ መልእክት ሲያጋጥመው በማሽን ለርኒንግ (ከቀድሞ ምሳሌዎች በሚማር ስልት) አመዛዝኖ ያንኑ ምድብ ይሰጣል፤ ራሱ በመደበው ላይም ምልክት ያኖርበታል። ባለሙያው ሊወስን አንዱን ሲከፍት ደግሞ ተቀራራቢ የሆኑ የቀድሞ ውድቀቶችን ከነመመሳሰያ መቶኛቸው ያቀርብለታል። እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ይህን ነው። አንድ አዲስ ባልደረባችን ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት የመግቢያ ገጹን ቴስት ሲከፍት፣ ከወራት በፊት ሌላ ሰው “የሰርተፊኬቱ ጊዜ አልፏል” ብሎ የጻፈውን ማስታወሻ እዚያው አገኘና ማንንም ሳይጠይቅ ችግሩን ደረሰበት።

ነገር ግን መሣሪያው የሚፈርደው እኛ ባስተማርነው ልክ ነው። የመሞከሪያ ሰርቨራችን ይንቀራፈፍ በነበረበት ሰሞን፣ በ30 ሰከንድ ውስጥ ቁልፉ አልተገኘም የሚለውን መልእክት ሁሉ በችኮላ የሲስተም ችግር እያልን እንመድብ ነበር። ሰርቨሩ ከተስተካከለ በኋላ በክፍያ ገጹ ላይ እውነተኛ ባግ ገብቶ “ክፈል” የሚለው ቁልፍ ሲጠፋ፣ መልእክቱ ቃል በቃል ያው ስለ ነበረ ያው ምድብ ተሰጠው፤ እኛም አራት ቀን ሙሉ ሳንከፍተው አለፍነው። ጥፋቱ የእኛ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጊዜ አልቆባቸው የወደቁትን ከራስ-ሰር ትንተናው እናገልላለን፤ ለዚህ የተዘጋጀ ምርጫ አለው። በተጨማሪም ቴስቶቻችን ሰርቨሩ የመለሰውን የስህተት ቁጥር በኤረር ደረጃ (ሎግ ስህተትን በሚመዘግብበት የክብደት እርከን) ሎጉ ላይ እንዲጽፉ አድርገናል፤ ትንተናው የሚያነበው ከዚያ ደረጃ ጀምሮ ወደ ላይ ያለውን ብቻ ነውና። ሁለቱ ውድቀቶች አሁን በመልእክታቸው ይለያያሉ።

ፖስትግሬስን (ዳታቤዝ)፣ ራቢት ኤምኪውን (መልእክት አስተላላፊ) እና ኦፕንሰርችን (የፍለጋ ሶፍትዌር) አብሮ ስለሚያስነሳ ሚሞሪ ይበላል፤ በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ባትሞክሩት ይሻላል። ጥቂት ደርዘን ቴስት ላለው ቡድንም አልመክረውም፤ ሎጉን በዓይን ማየት ይበቃዋል። በየሌሊቱ መቶዎችን ለሚያስኬድ ቡድን ግን ሳላመነታ እመክራለሁ፤ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ምደባ ሶፍትዌሩን ከሁሉም አብልጦ የሚያውቀው ሰው ይሥራው እንጂ አዲስ ለገባ ሠራተኛ አይሰጥ።